ፓስታ እንደተለመደ ሱሺ ይለመድ ይሆን?

በአቃቂ በሰቃ ለምግብ ዝግጅት ሰልጣኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርዕሳችን ሱሺ ነው። ጥያቄው በብዙ ከተሞች ሲነሳ የኖረ ነው፦ ሱሺ ዛሬም የፋሽን ምግብ ነው ወይስ ተለምዶ የሁሉም ሰው ምግብ ሆኗል? ይህ ወሬ ቦሌ አካባቢ ቢነሳ ማንንም አይገርምም። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ ከአቃቂ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንድ የባዕድ ምግብ ከፋሽንነት ወጥቶ የቤት ምግብ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳየው ትልቁ ምስክር ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ቃሊቲ ላይ ሲመረት ኖሯል። ፓስታን ማለቴ ነው። ፓስታን በደንብ ካየነው ስለ ሱሺ የምንለውን እናውቃለን ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወደ ጃፓን ሄደን ወደ ቃሊቲ እንመለሳለን፤ ከዚያም ወደ አቃቂ ወንዝ እንወርዳለን።

የሱሺ መሠረቱ ዓሣው ሳይሆን ሩዙ ነው። በጥንት ዘመን በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሩዝ ገበሬዎች ዓሣን በጨው አሽተው፣ በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ቀብረው ለወራት ያስቀምጡት ነበር። ሩዙ ሲቦካ የሚፈጥረው ኮምጣጣነት ዓሣውን ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ለመብላት ሲወጣ ዓሣው ይበላል፣ ሩዙ ይጣላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ዓሣ ማቆያ ዘዴ ነበር ማለት ነው። እኛ ሥጋን ቋንጣ አድርገን እንደምናቆየው መሆኑ ነው። ዘዴው ጃፓን ገባ። ጃፓኖች ቀስ በቀስ ሩዙንም መብላት ጀመሩ፤ የማቦኪያውን ጊዜ አሳጠሩት፤ በመጨረሻም ወራት መጠበቅ ቀርቶ ሩዙን በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው ማጣፈጥ ያዙ።

ዛሬ የምናውቀው፣ በእጅ የተጨመቀ ሩዝ ላይ ቁራጭ ዓሣ የሚያርፍበት ሱሺ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ኤዶ በምትባለው፣ በአሁኗ ቶኪዮ ነው። ስሙ ከዚህ ጋር የሚነሳው ሃናያ ዮሄይ የተባለ ሰው ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የሚሸጥበትን ቦታ ነው፦ መንገድ ዳር፣ በተንቀሳቃሽ ሱቅ። የሚበላው ቆሞ፣ በእጅ፣ በጥድፊያ ነው። ቁራሹ የዛሬውን ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆን ነበር፤ ሠራተኛ ሰው በሁለት ሦስቱ ጠግቦ ወደ ሥራው እንዲመለስ። ዛሬ በሚያብረቀርቅ ሳህን፣ በደብዛዛ መብራት፣ በውድ ዋጋ የሚቀርበው ምግብ ሲጀመር የቀን ሠራተኛ ምሳ ነበር። ፋሽንነቱ የመጣው በኋላ ነው።

በጃፓን ውስጥ እንኳ ሱሺን ለሁሉም ያዳረሰው ድንገተኛ ነገርና ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዋን ሱሺ ሠሪዎች ወደየትውልድ አገራቸው በተናቸው፤ የኤዶው አሠራር አብሯቸው ተሰራጨ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በኦሳካ አጠገብ ዮሺያኪ ሺራይሺ የሚባል ባለ ምግብ ቤት የሚሽከረከር ሱሺ ቤት ከፈተ። ሐሳቡን ያገኘው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ተሰልፈው ሲያልፉ አይቶ ነው። የፋብሪካ ከተማ ሰዎች ናችሁና ይህን ታሪክ ማብራራት አያስፈልገኝም። ጨርቃጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም፣ መለዋወጫውም፣ ዱቄቱም እዚህ ነው የተሠራው፤ እቃ በቀበቶ ላይ ሲሄድ ያላየ የአቃቂ ልጅ ብዙ አይደለም። ሺራይሺ ሳህኑን በቀበቶው ላይ አስቀመጠ፤ አስተናጋጅ ቀነሰ፤ ዋጋው ወረደ፤ ቤተሰብ ከነልጆቹ ገብቶ መብላት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሩዙን ቅርጽ የሚያስይዝ ማሽንም መጣ። ሱሺ ለብዙኃኑ የተመለሰው እንዲህ ነው።

አሜሪካ ሲገባ ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነበሩ ጃፓናውያን አብሳዮች ሁለት ችግር ገጠማቸው። ስቡ የቱና ሥጋ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ደንበኛው ደግሞ ሱሺው የሚጠቀለልበትን የባሕር ቅጠል ጥቁር መልክ ይሸሻል። በስቡ ቱና ቦታ አቮካዶ ገባ፤ ሩዙ ወደ ውጭ ወጣ፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተደበቀ። ካሊፎርኒያ ሮል የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኖርዌይ የሳልመን ምርቷን ለጃፓን ለመሸጥ ትልቅ ዘመቻ አካሄደች፤ ጃፓኖች ግን የራሳቸውን ሳልመን ጥገኛ ትል ስለሚገኝበት ጥሬውን አይበሉትም ነበር። ኖርዌዮች በእርባታ ያደገ፣ መኖው ቁጥጥር ያለበት ዓሣ ይዘው ቀረቡ። ዛሬ ሳልመን የሌለበት ሱሺ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ የጃፓን ልጆችም ከሁሉ አስበልጠው ከሚወዱት አንዱ ነው። ጥንታዊ የሚመስለን የሱሺ ሳልመን በዕድሜው ከብዙዎቻችን ያንሳል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ በዓለም ደረጃ መልስ አለን። በቶኪዮ፣ በለንደን፣ በኒው ዮርክ ሱሺ ፋሽን አይደለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሳንድዊች ጎን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ነርሷም አውቶቡስ ሹፌሩም ለምሳቸው ይገዙታል። የቅንጦት ጫፉም ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በቶኪዮ የዓሣ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ተሽጧል። ያው ስቡ የቱና ሥጋ በድሮ ጊዜ ማንም የማይፈልገው፣ የሚጣል ነበር። አንድ ምግብ በአንድ ጊዜ የሀብታምም የሠራተኛም ሊሆን ይችላል፤ እኛም አገር ክትፎ እንዲሁ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሱሺ እስከ ዛሬ ፋሽን ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። የሚገኘው በትልልቅ ሆቴሎችና በጥቂት ምግብ ቤቶች ነው፤ ዓሣው በአብዛኛው ከውጭ ቀዝቅዞ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ነው። ሰው ሄዶ ይበላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለጓደኛው ያሳያል። ፎቶ የሚነሳለት ምግብ ገና አልተለመደም። ሽሮ ሲቀርብልን ስልካችንን አናወጣም።

ከጃፓን ጋር ያለን ዝምድና የትናንት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልገረመኝ። ነገር ግን በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ አርአያ የተወሰደው ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አስፍረውልናል። በዘመኑ የነበሩ ምሁራን ጃፓን የሠለጠነችበትን መንገድ ለኢትዮጵያ ተመኝተው ነበር። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲወስድ ስሙ በጃፓን ቤት ሁሉ ገባ። የጃፓን መኪና መንገዳችንን ሞልቶታል፤ ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ዘዴ በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጥፏል። ሕጉ መጣ፣ መኪናው መጣ፣ የሥራ ዘዴው መጣ፤ ምግቡ ግን አልመጣም።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ምግብ በመጽሐፍና በአዋጅ አይሄድም። በየቀኑ ከሚያበስለው ሰው ጋር ነው የሚጓዘው። ጃፓናውያን እዚህ በብዛት ሰፍረው፣ ሱቅ ከፍተው፣ ከጎረቤት ጋር ድስት ተዋውሰው አልኖሩም። ጣሊያኖች ግን፣ በክፉ አመጣጥም ቢሆን፣ ኖረዋል።

አሁን ወደ ቃሊቲ እንመለስ።

የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። አገሩ በጦርነት ላይ ነበር፤ አርበኞች በየጫካው ይዋደቁ ነበር። ጠላት ግን ለወታደሩና ለሰፋሪው ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ዱቄትና ብስኩት ያስፈልገው ነበር። ማሽኑ የመጣው ለእኛ ተብሎ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባረረ፤ ማሽኑ ቀረ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ እጆችም ቀሩ፤ እነዚያ እጆች የዚህ አገር ሰዎች እጆች ነበሩ። ይህ ነገር ሲታሰበኝ ሁልጊዜ ደረቴን በኩራት ይሞላዋል። ለወራሪ ጦር የተተከለ ፋብሪካ ለልጅ ልጆቻችን ምሳ የሚያበስል ሆኖ ኖረ፤ ያንን ያደረገው ደግሞ ማለዳ ማለዳ ከአቃቂና ከቃሊቲ እየተነሳ ፈረቃ የገባ ሠራተኛ ነው።

መጀመሪያ ላይ ፓስታም እንደ ዛሬው ሱሺ ነበር። ፒያሳ ላይ፣ እንደ ካስቴሊ ባሉ የጣሊያን ምግብ ቤቶች፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ፣ በሹካ ተጠቅልሎ የሚበላ የሹማምንትና የውጭ ሰዎች ምግብ ነበር። ሹካ አያያዝ ያልለመደ ሰው ያፍርበታል። ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ቤት የገባው ግን በምን በምን ምክንያት ነው?

አንደኛው ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት ከግማሽ ዓመት የማያንስ ጊዜ ማለት ነው። ደረቅ ፓስታ ደግሞ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው። አይብ ካልተነሰነሰበት፣ በዘይትና በቲማቲም ከተሠራ ጾመኛ ይበላዋል። በበርበሬ ወጥ፣ በምስርና በሽሮ መካከል አንድ አዲስ ምግብ ተገኘ። ጣሊያኖች ይህን አስበው አልነበረም፤ ግን ከጾማችን ጋር የሚስማማ ምግብ ባይሆን ኖሮ ፓስታ እንዲህ በየቤቱ አይገባም ነበር ብዬ አምናለሁ። ማንኛውም የውጭ ምግብ እዚህ አገር ሊዘልቅ ከፈለገ ረቡዕና ዓርብን ማለፍ አለበት።

ሌላው የሠራተኛ ሰው ጊዜ ነው። እዚህ ያላችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንጀራ ከማቡካት እስከ መጋገር ቀናት ይፈልጋል፤ ወጥ ለመሥራት ሽንኩርት ማቁላላቱ ብቻ ስንት ሰዓት ይወስዳል። ፈረቃ ጨርሳ ማታ ቤቷ የምትገባ የጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ቡታጋዟን ለኩሳ ውሃ ጥዳ፣ ልጆቿን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምታበላበት ምግብ ያስፈልጋት ነበር። ፓስታ አይበላሽም፤ ከሱቅ በዱቤ ይወሰዳል፤ ትንሹ እሽግ ቤተሰብ ያጠግባል።

ሦስተኛውን ለማየት ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ ሂዱ። ከመኪና ወርደው ለመብላት ከሚቸኩሉ ሹፌሮችና ረዳቶች ጋር አንዷ ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀመጡና ወደ ጓዳው ተመልከቱ። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል፤ የቲማቲም ድልህ ይገባል፤ ቲማቲም ተከትፎ ይጨመራል፤ ቃሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ ይወረወራል፤ አንዳንዷ ባለሙያ እንጥፍጣፊ በርበሬ ታክልበታለች። ስጎው ይኸው ነው። ፓስታው ከመቀቀሉ በፊት ለሁለት ይሰበራል፤ ጣሊያኖች ጠንከር እንዳለ የሚያወጡትን እኛ ለስለስ እስኪል እናበስለዋለን። ከዚያ በእንጀራ ላይ ይገለበጣል። በላተኛው የእንጀራውን ጫፍ ቆርሶ ፓስታውን በእንጀራው ይይዘዋል፤ ለጎረቤቱም ያጎርሰዋል። ሹካ የሚባል ነገር አይታሰብም። ይህን አይቶ «አበላላቸው አያውቁም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ፓስታ የእኛ የሆነው እንዲህ የበላነው ዕለት ነው።

አንድ የምጨምረው ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ ታገሡኝ። ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ሰብሎቻችንን ሲሰበስብ ከምንም በላይ ያስደነቀው የስንዴያችን ብዛትና ልዩነት ነበር። ለፓስታ የሚሆነው ጠንካራው ስንዴ፣ ዱረም የሚባለው፣ እዚህ አገር ጣሊያን ከመምጣቱ ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ በገበሬዎቻችን እጅ ሲዘራ የኖረ ነው። ንፍሮና ቆሎ አድርገን፣ ቂንጬ ፈጭተን ስንበላው ነበር። በቅርብ ዓመታት ባሌ ውስጥ በጣሊያን የልማት ትብብር ድጋፍ ገበሬዎች ዱረም ስንዴ ለፓስታ ፋብሪካዎች እንዲያቀርቡ ሲደረግ፣ ፓስታ ከሌላ አገር የመጣ ምግብ መሆኑ እየቀረ፣ የቆየ እህላችን በሌላ መልክ የሚመለስበት መንገድ ሆነ።

ስለዚህ እኔ አንድን ምግብ ተለምዷል የምለው ዋጋው ሲወርድ ወይም ብዙ ቤት ሲሸጠው ብቻ አይደለም። እህሉ ከእኛ ማሳ ሲወጣ፣ የሚያመርተው የእኛ ሰው ሲሆን፣ ከጾማችንና ከፍስካችን ጋር ሲስማማ፣ ከመሶባችን ጋር ሲታረቅ ነው። ፋሽን የሚያበቃው ምግቡ የሚያልፍበት መንገድ በሰፈራችን በኩል የሄደ ጊዜ ነው።

የበርገርን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ዳቦው አለን፣ ሥጋው አለን፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ አለን፤ ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ ከሆቴል ወርዶ በየጎዳናው ተበተነ። እርጥብም እንዲሁ ነው፤ ድንችና ዳቦ ምን ያስቸግራል?

ይኸው ሕግ በእኛ ምግብ ላይም ሲሠራ ታይቷል። እንጀራ ዋሽንግተን ሲገባ እንግዳ ነበር። ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፈት አሜሪካውያን በእጃቸው ከአንድ ትሪ መብላትን እንደ ትርዒት ነበር የሚያዩት። ዛሬ እዚያ ከተማ የኢትዮጵያ ምግብ መብላት ማንንም አያስደንቅም። ሰዎቻችን በብዛት መኖራቸው አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ደግሞ ጤፍ እዚያው አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ መዘራቱ ነው። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል እንኳ የዋሽንግተን እንጀራ አልተቋረጠም። እህሉ እዚያ ሥር ሰዷልና።

በዚህ ሚዛን ሱሺን እንመዝነው።

ከሩዙ ልጀምር። በሱቆቻችን የሚሸጠው ሩዝ በብዛት ከውጭ የሚመጣ፣ ረጅምና የሚበታተን ነው፤ ለሱሺ የሚፈለገው አጭርና የሚያያዝ ነው። ግን ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ዙሪያ፣ ጣና ዳር ያለው ረግረግ ሜዳ ባለፉት አሥርት ዓመታት የሩዝ አገር ሆኗል። ገበሬው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል። እዚያው ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የጃፓን ትብብር ድርጅት ጃይካ ሲደግፈው የቆየ ነው። ጃፓኖች ሱሺ አላመጡልንም ብዬ ነበር፤ የሩዝ እውቀት ግን አምጥተውልናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፎገራ ልጅ ለሱሺ የሚሆን ሩዝ የሚያመርትበት ቀን ሩቅ ነው ብዬ አላስብም።

ጾሙስ? ጃፓን ውስጥ ኪያር ብቻ የሚጠቀለልበት ሱሺ አለ፤ ካፓ ማኪ ይሉታል። አቮካዶ ከሲዳማ በብዛት ይመጣል፤ ካሮትና ኪያር በየጉልቱ ነው። ከውጭ የሚመጣው ደረቁ የባሕር ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ደረቅ ስለሆነ ይቆያል። ከሰልጣኞቹ መካከል ሱሺ ለመሞከር የሚያስብ ካለ በዚህ ይጀምር እላለሁ። በሁዳዴ የሚሸጥ፣ ጥሬ ዓሣ የሌለበት፣ በአገር አትክልት የሚሠራ ነው።

ስለ ጥሬነቱ ደግሞ አንዳንዱ «እኛ ጥሬ ነገር አንበላም» ይላል። ይህን ለኢትዮጵያዊ መናገር አያስኬድም። ቁርጥ እየቆረጥን፣ ክትፎ እየከተፍን ያደግን ሰዎች ነን። ዓሣውንም ቢሆን ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ያየ ያውቃል። አጥማጁ ከጀልባ ያወረደውን ቆሮሶ ልጆች በስለታም ቢላ ይገፉታል፤ ቆዳው ከጭራው እስከ ጭንቅላቱ በአንድ ጉተታ ይወልቃል፤ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ነጭና የሚያሳልፍ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። ገዢው እዚያው ቆሞ፣ ዳጣ እየነከረ፣ ጥሬውን ይበላል። አበሻ ጥሬ ዓሣ ለመብላት ከቶኪዮ ማንንም አልጠበቀም።

እዚህ ላይ ግን እንደ ባለሙያ መናገር ያለብኝን በግልጽ እናገራለሁ። የሱሺ ጥሬ ዓሣ በአብዛኛው የባሕር ዓሣ ነው። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፉ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩት ስለሚችል ጃፓኖች ለሱሺ ጥሬውን አይጠቀሙበትም። የባሕሩም ዓሣ ቢሆን ትሉን ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን መቆየት አለበት የሚል መመሪያ በአሜሪካ ይሠራበታል። የቤት ማቀዝቀዣ ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ሱሺ እዚህ አገር ፋሽን ሆኖ የቀረበት ዋናው ምክንያት ድፍረት ማጣታችን አይደለም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም፤ በረዶው፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪናው፣ የማይቋረጠው መብራቱ የለንም። አንድ ሰው ከፍሎ የሚበላው ሳልመን ላይ የሚከፍለው ለዓሣው ብቻ አይደለም፤ ዓሣው ከባሕር እስከ ሳህኑ ድረስ ሳይሞቅ ለተጓዘበት መንገድ ሁሉ ነው።

አቃቂ ላይ ቆሜ ይህን ሳነሳ ዓይኔ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወርደው ከዚህ በታች አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። በከተማችን ጫፍ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በሌላ አገር ቢሆን ከተማው ዓሣውን የሚያገኘው ከዚህ ነበር። ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ዳር ዳሩን የዓሣ ጥብስ ቤቶች ይሞሉት ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጨርቃጨርቁ፣ የጋራዡ፣ የየቤታችን ፍሳሽ ሁሉ ወደዚሁ ወንዝ ይወርዳል። በወንዙ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ እንደ ክሮምየምና ካድምየም ያሉ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙበት ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ግድቡንም እምቦጭ ወርሮታል። የምንኮራባቸው ፋብሪካዎች፣ እኔም ከላይ በኩራት የጠራኋቸው፣ የዚህ ዕዳ ባለ ድርሻዎች ናቸው። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ዓሣ እያወራን ስለ ውሃ ዝም ማለት አይቻልም። ከአባ ሳሙኤል የወጣ ዓሣ ጥሬውን ቀርቶ የተጠበሰውን እንኳ ለልጄ በሙሉ ልብ አላቀርብም።

እናም የእኔ መልስ ይህ ነው። ሱሺ በዓለም ተለምዷል፤ በእኛ ከተማ ገና ፋሽን ነው፤ ለጊዜው ፋሽን ሆኖ ቢቆይም ክፋት የለውም። የምመኘው የአቃቂ ሰው ሁሉ ሱሺ እንዲበላ አይደለም። የምመኘው ዓሣ በገበታችን ላይ እንዲበዛ ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች ያለው ዓሣ ለሕፃናት አጥንትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ስንት ጥቅም እያለው፣ ብዙ ቤተሰብ ዓሣ የሚቀምሰው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ያውም በሁዳዴ ነው። በሥርዓተ ጾሙ ዓሣ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ፤ ግን ገበያውን ስናይ ዓሣ የሚፈለገው በጾም ወቅት ነው። በፍስኩ ቀን ብንለምደው ምን አለ?

ለእናንተ ለሰልጣኞቹ በተግባር የሚሆን ነገር ልተውላችሁ። ነገ አንዱ ሆቴል ተቀጥራችሁ ሱሺ ሥሩ ስትባሉ ከቢላው በፊት ጥያቄ ያዙ፦ ዓሣው መቼ ገባ? ስንት ዲግሪ ላይ፣ ስንት ቀን ቆየ? መንገድ ላይ መብራት ጠፍቶበት ነበር? የሙቀቱ መዝገብ የት አለ? አለቃችሁ ቢቆጣ ይቆጣ። የደንበኛው ጤና በእናንተ እጅ ነው። የሐይቅ ቆሮሶን በጥሬው እንድታቀርቡ ከተጠየቃችሁ እምቢ በሉ፤ ጥብስ ወይም ጉላሽ አድርጋችሁ አቅርቡት። ሩዙን ደግሞ አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ ገና ትኩስ እያለ አቼቶውን፣ ስኳሩንና ጨውን አስገቡ፤ እያራገባችሁ ቀዝቀዝ ሲል በእጃችሁ ሞክሩት። እጃችሁን አቼቶ ባለበት ውሃ ካላረጠባችሁት ይጣበቅባችኋል። ይህን ከፎገራ በመጣ ሩዝና ከአቃቂ ገበያ በተገዛ ኪያር መለማመድ ትችላላችሁ፤ ወጪው ብዙ አይደለም።

ለወረዳው ኃላፊዎችም፣ እዚህ ካላችሁ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ አቃቂ ወንዝ የሚለቀቀው ፍሳሽ የሚመረመርበት ውጤት በየጊዜው ለነዋሪው ይለጠፍ። የትኛው ፋብሪካ አጣርቶ እንደሚለቅ፣ የትኛው እንደማይለቅ ሰፈሩ ይወቅ። ውጤቱ በዚህ አዳራሽ በር ላይ ቢለጠፍ ሁላችንም እናነበዋለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።